ቀዛፊውን ፍለጋ፤ ከግልገል በለስ እስከ ባምባሲ

ከግልገል በለስ አሶሳ ለመሄድ መጀመሪያ ከአሶሳ መራቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም አንድ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ካርታ ላይ ሲታዩ የሚለያቸው ዓባይ ብቻ ይመስላል። እኔ የምሳፈርበት መኪና ግን በቻግኒ ወጥቶ፣ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ አዙሮ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ደግሞ በነቀምት በኩል ወደ ምዕራብ መመለስ ነው። መሥሪያ ቤቴ "ለሥልጠና አሶሳ ትሄጃለሽ" ባለኝ ቁጥር ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ወሬውን ይሰማል።

በዚህኛው ጉዞ ከሥልጠናው ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ አልነገርኳቸውም፤ ቢነገር የሚያስቅ ነው። በስልክ በምንጫወተው የተረት ጨዋታ ውስጥ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ጠፍቶብን ነበር። እሱን ልፈልግ ነው የሄድኩት።

ሊነጋጋ ሲል በሬን ቆልፌ ወጣሁ። አከራዬ ግቢ እየጠረገች ነበር፤ "መልካም መንገድ" አለች እንጂ መቼ እንደምመለስ አልጠየቀችኝም። ወደዚህ ከተማ ተዛውሬ ከመጣሁ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምኖረው። ብፈጥንም ብዘገይም የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ የለመድኩት ነገር ነው።

በመኪና ውስጥ፣ ስለ ምድረ ጎሕ

ጨዋታው ምድረ ጎሕ ይባላል። ሥዕል የለውም፣ ነጥብ የለውም፣ አሸናፊም የለውም። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች አንድ የስልክ ግሩፕ ውስጥ ተሰብስበን፣ እያንዳንዳችን የፈጠራ ሰው ሆነን ታሪክ እንጽፋለን። አንዷ ንግሥት ናት፣ አንዱ ዘንዶ አዳኝ ነው፣ አንዱ ደግሞ እንስሳት ያናግራል። እውነተኛ ስም አይጠየቅም። ባለፈው ክረምት አንዲት ጓደኛዬ "እዚያ ዝናብ እያየሽ ከምትሰለቺ ግቢ" ብላ አስገባችኝ። መድኃኒተኛ ሆንኩ፤ ከወንዝ ማዶ ለታመመች ልጅ መድኃኒት የያዝኩ ሴት።

የገባሁ ዕለት "በሩን ክፈቱ፣ ቸኩያለሁ!" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ንግሥቲቱ "እንግዳዋ፣ እንዴት አደርሽ?" ብላ ስትጽፍ ነገሩ ገባኝ። እዚያ አገር ሰላምታ ሳያልቅ ሥራ የለም። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለሌሉ ላሞች ሳይቀር ተጠያይቆ ነው ሰይፍ የሚመዘዘው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ወንዙ ነው። ምድረ ጎሕን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ፤ ያለ ቀዛፊው ማንም አይሻገረውም። እኛ ስንጽፍ ቀዛፊው ብቻ በድምፅ ነው የሚመልሰው፤ ጎርነን ያለ የሽማግሌ ድምፅ። ሒሳብ አይቀበልም። ሊሻገር የመጣውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ "ማንን ትተሽ መጣሽ?" ይላል። ሰው እውነቱንም ፈጠራውንም ይመልስለታል፤ ከዚያ "በይ ግቢ" ነው።

ባለፈው ሰሞን ተራዬ ደረሰ። ከመስክ ሥራ ዝዬ የተመለስኩበት ቀን ነበር፤ መልስ መፍጠር ሰለቸኝ። "እርስዎስ አባቴ፣ እርስዎ ማንን ትተው መጡ?" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የቀዛፊው ድምፅ ጠፋ።

ሠላሳ ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቀረ። ድንኳን ተከሉ፣ ወጥ ሠሩ፣ ሁለቱ ተጣልተው ታረቁ፣ ሠርግም ተደገሰ፤ የሚሻገር ግን የለም። "ለምን ድልድይ አንሠራም?" ብል "ቀዛፊው ሳይመጣ?" አሉኝ፣ ነውር እንደተናገርኩ ሁሉ። ውሎ አድሮ ግን አዳዲሶቹ ሰለቹና፣ አስማተኛ አምጥተን ወንዙን እናድርቀው የሚል ሐሳብ አነሱ። ወንዙ ከደረቀ ሽማግሌው ቢመለስም ቦታ አይኖረውም። ነገሩ ከነከነኝ። ንግሥቲቱ አሶሳ እንደምሄድ ስትሰማ እንድፈልገው ለመነችኝ፤ እስክመለስም ወንዙን ማንም እንዳይነካ አዘዘች። አድራሻውን ስጠይቃት ያለችኝ ይህን ብቻ ነበር፤ "አሶሳ ገበያ የስልክ ዕቃ የሚሸጠውን ሐሚድን ጠይቂ።"

ይህን እያሰብኩ የዓባይ በረሃን ወረድን። መኪናው ፍሬን ፍሬን ይሸታል። ድልድዩን በደቂቃ ተሻገርነው፤ ማንን ትታችሁ መጣችሁ ያለን የለም።

ነቀምትና ከነቀምት ወዲያ

አዲስ አበባ መናኸሪያ አጠገብ አደርኩ፤ መተኛት ካሉት። በማግስቱ ማታ ነቀምት ገባን። እራቴ በቅቤ የተለወሰ አንጮቴ ነበር፤ ከዚያ መንገድ የሚናፍቀኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። የአልጋው ዋጋ ካለፈው ጊዜ በእጥፍ ጨምሯል፤ ውኃው ግን እንደ ድሮው የለም።

ከነቀምት ወዲያ ፍተሻ ይበዛል። ውረዱ ይባላል፣ እንወርዳለን፤ ግቡ ይባላል፣ እንገባለን። አንዱ ፈታሽ መታወቂያዬን አገላብጦ አየ።

"ከየት ነው የምትመጪው?"

"ከግልገል በለስ።"

"ወዴት?"

"አሶሳ።"

"ያው አንድ ክልል አይደል እንዴ? ታዲያ በዚህ ምን አመጣሽ?"

"መንገዱ አመጣኝ" አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ከመንዲ ወዲያ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። ቀርከሃውና የማንጎው ዛፍ እየበዛ ሄደ። ባምባሲ ላይ መኪናው ሲቆም ማንጎ ገዛሁና እግሬን ላፍታታ ወረድኩ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ነበር። የምፈልገው ሰው ከዚያ ብዙም እንደማይርቅ የሚነግረኝ አልነበረም።

አሶሳ

ሥልጠናው ሥልጠና ነው። ከአዳራሹ እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሐሚድን ለማግኘት ሁለት ሰው ብቻ ነው የጠየቅኩት። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ግዙፍ ሰው ነው፤ በዚያ ትልቅ ጣቱ ጥቃቅን የስልክ ብሎኖች ይፈታል።

"አንቺ መድኃኒተኛው ነህ?" አለኝ ገና ሲያየኝ።

"ንግሥቲቱ ናት የላከችኝ።"

ደረቱን መታ መታ አደረገ። "ንግሥት እኔ ነው።"

ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሰላምታውን ገና አልጨረሰም ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ መሥሪያ ቤቴ፣ ስለ ግልገል በለስ ዝናብ በተራ ጠየቀኝ። ግሩፑ ላይ እንደ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ የሚያሳምረው ሰው፣ ሲናገር ወንዱንም ሴቷንም አንድ ያደርጋል። የቤቱ ቋንቋ በርታ ነው። "መጻፍ ጊዜ አለው፤ እያሰብክ ትጽፋለህ። መናገር ቶሎ ቶሎ ነው" አለኝ። ሱቁን ዘግቶ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ጋበዘኝ፤ ከላዩ ቀዝቃዛ ከርከዴ ጠጣን።

"ሰውየው የት ነው ያለው?"

"ባምባሲ በኩል፣ የሰፈራ አምባ ውስጥ። ይመር ይባላል።"

"አንተ ለምን ሄደህ አላየኸውም?"

"እኔ ንግሥት ነው። ንግሥት ሄዶ 'ና' ካለ ትእዛዝ ይሆናል። አንቺ ነህ የጠየቅከው፤ አንቺ ትሄዳለህ።"

ሽማግሌው እንዴት እንደገባም ነገረኝ። ስልክ ሊያሠራ መጥቶ ሐሚድ ታሪኩን ለጓደኛው ሲያነብ ሰማ። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና "ወንዝ ካለ ቀዛፊው የታለ?" አለ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ወንዙን እንዲሁ ይሻገር ነበር። ሐሚድ አፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ቀዛፊ ሆነ።

አምባ

ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ወደ ባምባሲ ተሳፈርኩ፤ ከዚያ በሞተር አምባው ደረስኩ። በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች መንደር ነው። ቤቶቹ በመስመር የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ማንጎው እንዳሻው አድጎ መስመሩን ሸፍኖታል።

አቶ ይመር ከማንጎ ሥር ቁጭ ብለው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ድምፃቸውም ያው የቀዛፊው ነው።

"መድኃኒቱን ይዘሽ መጣሽ?"

"እንዴት አወቁኝ አባባ?"

"እዚህ ማን ይመጣል ብለሽ? በይ ተቀመጪ። መንገዱ እንዴት ነበር? እግርሽ አብጧል እኮ።"

ሰላምታው በእርጋታ ተፈጸመ። ከዚያ ቀርከሃቸውን መሰንጠቅ ቀጠሉ።

"በጥያቄዬ አስቀይሜዎት ከሆነ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አላስቀየምሽኝም ልጄዋ። ጠየቅሽኝ እንጂ። ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።" ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "እዚህ አምባ ሁሉም የተወው ሰው አለ። ስለዚህ አንጠያየቅም።"

ከወሎ ሲጫኑ ጎረምሳ ነበሩ። ታናሽ እኅታቸው ሰዓዳ ውኃ ልትጠጣ ወርዳ በግርግሩ ጠፋቻቸው።

"'ከኋላ ያለው መኪና ላይ ናት' አሉኝ። አመንኩና ቁጭ አልኩ። የኋላው መኪና ሌላ መንገድ ያዘ። እዚህ ስንደርስ የለም።"

"አልፈለጓትም?"

"የት ያልፈለግሁበት አለ! ኋላ ሐሚድ ሱቅ ስደርስ፣ ከየአገሩ ሰው ያለበት ጨዋታ ነው አለኝ። ስም አይጠየቅም አለኝ። ስም ካልተጠየቀ ምን ይጠየቃል? 'ማንን ትተሽ መጣሽ' ነዋ። አንዷ አንድ ቀን 'ወንድሜን' ትለኝ ይሆናል ብዬ።"

እኛ ሁላችን የጨዋታ ማሳመሪያ ነበር የመሰለን።

"ያለች አለች?"

"አንዲት አለች። ወላሂ፣ ልቤ ሊቆም ነበር። ኋላ ሳጣራ የልጅ ልጄ እኩያ፣ ወንድሟን ጎንደር ትታ የመጣች ተማሪ ሆነች።" ፈገግ አሉ። "አንቺ ስትጠይቂኝ ልመልስልሽ ስልኩን አነሳሁ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። አጥፍቼ ሰቀልኩት።"

ልጆቹ ወንዙን ሊያደርቁት እንደሚፈልጉ ነገርኳቸው። በቁጣ የሚነሱ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቁኝ።

"እስካሁን አልተሻገሩም?"

"አልተሻገሩም።"

"እኔን ብለው?"

"እርስዎን ብለው ነው የተቀመጡት።"

ፊታቸውን ወደ ቀርከሃው መለሱ። "በጀ" አሉ። እመለሳለሁም አልመለስምም አላሉ። ልነሳ ስል ግን እጄን ያዙኝ።

"አንቺም አልመለስሽልኝም። ማንን ትተሽ መጣሽ?"

"የተውኩት ሰው የለም አባባ። የሚጠብቀኝም የለም።"

አፌ ውስጥ ሲመላለስ የኖረ ነገር ጮክ ተብሎ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አወቅኩ። "አብሽሪ" አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። የአንድ ጆንያ ሩብ ማንጎ አሸክመው ሸኙኝ። "የነገርኩሽን ለእነሱ አታንሺ፤ የሚነገር ከሆነ እኔ እናገረዋለሁ" አሉኝ።

አሶሳ ተመልሼ ለሐሚድ "ደህና ናቸው" ብቻ አልኩት።

"ይመጣል?"

"አላሉኝም።"

"ደህና ከሆነ እንቀመጣለን። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለ። በዚያው በንግሥትነቱ አዋጅ ጻፈ፤ ወንዙ አይደርቅም። ሁለት አዳዲሶች አኩርፈው ከግሩፑ ወጡ።

መመለስ

የመመለሻውን መንገድ መጻፍ አልችልም፤ አብዛኛውን ጭንቅላቴ መስኮት ላይ እየተጋጨ አንቀላፍቼ ነው የመጣሁት። ያው ፍተሻ፣ ያው ነቀምት፣ ያው የዓባይ ቁልቁለት ሽቅብ ሆኖ። ማንጎው ግማሹ በመንገድ ተበላሸ። ከዚህ ሁሉ ድካም ምን ተማርሽ ብባል፣ አሶሳ ሩቅ መሆኗን ከሥልጠናውም በፊት አውቀው ነበር እላለሁ። ያላወቅኩት ሌላ ነው። መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። የእኒያ ሠላሳ ሰዎች ወንዝ ዳር መቀመጥ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። የሽማግሌውን ፊት፣ "እኔን ብለው?" ሲሉ ካየሁ በኋላ ግን በሞኝነታቸው መሳቅ ተውኩ።

ግልገል በለስ ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስኩ። አልጋዬ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተጋደምኩና ስልኬን ከፈትኩ። የድምፅ መልእክት ነበር። ያ ጎርናና ድምፅ መጀመሪያ ሰላምታውን ለሁሉም በየስሙ አደረሰ፤ ረጅም ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፤

"ለተጠየቅሁት መልስ አለኝ። እኅቴን ትቼ ነው የመጣሁ። ሰዓዳ ትባላለች። የሰማ ካለ ይንገረኝ። አሁን ጀልባው ቀርቧል። መጀመሪያ መድኃኒተኛዋ ትግባ፤ ሌላው ከኋላዋ።"

ከሥር የቀረው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ዘንዶ አዳኙ ሳይቀር ድንኳኑን ነቅሏል፤ መልስ የሚጽፍ ግን የለም። ተራው የእኔ ነው። ጣቴን አንስቼ ብዙ ነገር ልጽፍ አሰብኩ፤ ዓይኔ ግን አልገለጥ አለኝ።

"አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። አሁን ከመንገድ መግባቴ ነው፤ በጣም ደክሞኛል" ብቻ አልኩ።

ወዲያው መለሱ።

"አብሽሪ ልጄዋ፣ ተኚ። ጀልባው ያላንቺ አይነሳም።"

ጫማዬን አወለቅኩና ተኛሁ።