በር የተዘጋበት ኩላማኒ

ኩላማኒ ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር፤ በከተማችን የሚታወቀው ግን በምላሱ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የአምላካችን የጃጋናታ ምስል ከወንድሙና ከእህቱ ጋር በሠረገላ ተስቦ አክስቱ ቤት ይሄዳል። ሚስቱን ላክሽሚን ግን ጥሏት ነው የሚሄደው። ዘጠኝ ቀን ከርሞ ሲመለስ እሷም የመቅደሱን በር ትዘጋበታለች። ያኔ ከውጭ ስለ እሱ የሚለምን፣ ከውስጥ ስለ እሷ የሚቆጣ ሰው ያስፈልጋል። ለማኙ ኩላማኒ ነው፤ ከአባቱ በወረሰው ግጥም ሲለምን አፉ ጤፍ ይቆላል። ተቆጪው ሽማግሌው ባናማሊ ነበሩ፤ እሳቸውም ሁለት ቃል ሳይናገሩ ይረቱና በሩን ይከፍታሉ።

ኩላማኒ እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ቤቱን ረስቶ ሠረገላው ሥር ይከርማል። ሚስቱ ሄማላታ በሚያፈሰው ጣራ ሥር ባልዲ ስትቀያይር፣ እሱ በአምላኩ ስም የሚታደለውን የበረከት ምግብ ይበላል። ስትጠይቀው «ምን ላድርግ፣ አምላክ ጠራኝ» ነው መልሱ።

አንድ ዓመት ባናማሊ ማንጎ አብዝተው በልተው ሆዳቸውን ታመሙ። ካህናቱ ሲጨነቁ ሄማላታ መጣችና «እኔ ከበሩ ኋላ እቆማለሁ፤ ለባሌ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ» አለቻቸው።

የመመለሻው ቀን ደረሰ፤ ዝናቡ ይወርዳል። አምላክን ከሠረገላው አውርደው የተሸከሙት ሰዎች በሩ ፊት ቆመዋል።

«እመቤቴ ክፈቺ! ጌታሽ ደክሞት መጥቷል!» ብሎ ጀመረ ኩላማኒ።

«ደክሞት? ምን ሲሠራ ከርሞ?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኩላማኒ ግር ቢለውም ቀጠለ፤ «ዘመድ ጥየቃ ነው እንጂ!»

«እኔስ? ሞተች ዳነች ያለኝ አለ?»

«ሐር አምጥቶልሻል!»

«ሐሩን የጣራው ቀዳዳ ላይ ይወትፈው!»

ኩላማኒ ያኔ ነቃ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። አፉን ከበሩ ስንጥቅ አስጠግቶ «ሄማ... አንቺ ነሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ላክሽሚ ነኝ። ጮክ በል፣ ሰው ይስማህ!»

ሴቶቹ «እሰይ! እንዳትከፍቺ!» እያሉ እልልታውን አቀለጡት። ኩላማኒ ግጥሙን ጀምሮ መሃሉ ላይ ተደናቀፈ። እንዲህ ሲሆን አይተነው አናውቅም።

«ኧረ ይቅርታ ጠይቅ አንተ ሰው፣ ትከሻችን ተገነጠለ!» ብለው ጮኹ ተሸካሚዎቹ።

«አጥፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ትቼሽ ሄድኩ። ምክንያት የለኝም።»

ይህ ከአባቱ በወረሰው ግጥም ውስጥ የሌለ ነገር ነው።

«ጣፋጩስ?» አለች ከውስጥ።

በስኳር ውኃ የተነከረ የአይብ ድቡልቡል ሞልቶ እንደ ልማዱ ለማስታረቂያ የመጣውን ማሰሮ አቀረበላት። በሩ ገርበብ አለ፣ አንድ እጅ ወጥቶ ማሰሮውን ሳበ።

«ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለች ሄማላታ በሩን ወለል አድርጋ እየከፈተች፤ «አምላኬ በዝናብ በሰበሰብኝ ብዬ ነው።»

ባናማሊ ድነው ሲመጡ ሴቶቹ ቦታውን አናስረክብም አሉ። ሄማላታ አሥራ አንድ ዓመት ከበሩ ኋላ ቆመች፤ ኩላማኒም አሥራ አንድ ዓመት ተረታ። አንድ እንግዳ «በአደባባይ ስታዋርድህ አታፍርም?» ቢለው፣ ደረቱን ነፍቶ «እስቲ ያንተዋ እንዲህ ትናገር!» አለው።