ዝም ያላለው ሆድ

ቅዱሳን ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ቆሜ ስናገር እንባ ይቀድመኛልና ቀስ እያልኩ ጽፌ አምጥቻለሁ። ስሙ ይባረክ!

ባለቤቴን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በመቱና በጎሬ መካከል ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንጀቱን ታሞ ነው የኖረው። ሆዱ ሲጮህ የሶር ፏፏቴ ከሩቅ የሚሰማ ይመስላል። እኔ ያኔ ጌታን አላውቅም፤ ክታብ በአንገቴ አስሬ ነበር የምዞረው። አንድ ሐኪም አስቀምጦ አስረዳን። ሰው ሲወለድ ከእናቱ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይወርሳል፣ የመጀመሪያው ወተትም ይመግባቸዋል፣ ያ በሕፃንነት ከተዛባ አንዳንዱ አንጀት ዕድሜ ልኩን ሊቸገር ይችላል አለን። የባሌ ሕመም በዚህ መጣ ብሎ ግን አልማለም።

ባሌ በዚያው ሕመሙ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከባዶ አልጋው ላይ ያ የሆዱ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። እውነቴን ነው ወገኖቼ። አንሶላውን ገለጥኩ፤ ምንም የለም። ድምፁ ግን አለ።

ልጄ ሲፈን መኪና ሳይደርስላት በዚያው አልጋ ላይ ወለደች። ጆሮዬን ሕፃኗ ሆድ ላይ ባደርግ ያው ድምፅ! አያቷን የወሰደው እሷንም ሊወስድ መጣ አልኩ።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሲፈን አኮ፣ አያቴ፣ የምትላቸው፣ ለሕፃኗ የሚያልሱትን ለጋ ቅቤ በጣታቸው ይዘው፣ ከሲፈን ጡት ቢጫውን እንገር፣ ያን የመጀመሪያውን ወተት፣ መሬት ላይ ሊያልቡት ቀረቡ።

"መግል ነው፤ ሆድ ያበላሻል። ለአባትሽም እንዲሁ አፍስሼ ነው ያሳደግሁት" አሉ።

ይህን ሲሉ አልጋው አጉረመረመ። የአማቴ እጅ ባለበት ቀረ።

"የልጄ ሆድ ነው" አሉ በቀስታ።

ሲፈን ከእኔ በፊት ያመነች ናት። "አኮ፣ እግዚአብሔር አዘጋጅቶ የላከውን ለምን ለመሬት እናጠጣዋለን?" አለቻቸው።

እኔም፣ "የልጄ ጌታ ሆይ፣ ይህችን ተውልኝ" አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህ ነው። ሕፃኗን አንስቼ ለእናቷ ጡት ሰጠኋት። ያዘች። ሃሌ ሉያ!

በኋላ ጎረቤታችን ነርሷ መጥታ ሆዷን አዳመጠች። ስለ ድምፁ ብጠይቃት ሳቀች።

"እትዬ፣ እኛ የምንፈራው ሆድ ሲጮህ አይደለም፤ ዝም ሲል ነው።"

ክታቡን የዚያን ዕለት በጠስኩት። ዛሬ የልጅ ልጄ በአያቷ አልጋ ላይ ትዘላለች፤ ሆዷ ደህና ነው። ድምፁ ከአልጋው ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። ድሮ ሸሽቼ እወጣ ነበር፤ አሁን አጠገቡ ተቀምጬ አመሰግናለሁ። ቤታችሁ የሚያስፈራችሁ ነገር ያለ ወገኖቼ፣ በዓይን በማይታይ ነገር ሕፃን የሚጠብቀውን አምላክ እመኑት። እኔን መበለቲቱን ብቻዬን አልተወኝም።