አቧራ እንዳይነካት የተሸፈነችው መኪና

ሚያዝያ ላይ የእህቴ ልጅ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ ከጅግጅጋ ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ ጋራዥ ይዞኝ ሄደ። መካኒኩ የፒካፑን ወለል ምንጣፍ ሲገልጠው ሽታ ወጣ፤ ተዘግቶ የከረመ የእርጥብ አፈርና የዛገ ብረት ሽታ። አወቅሁት። ወንበር ስጡኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ነበረችው። ዱቄትና ሽንኩርት ጭኖ አውበሬ ይሄዳል፤ ሲመለስ ፍየል ይጭናል። ጎረቤታችን የነበረው ሶማሌ ሾፌርም አባቴ በገዛበት ወር የገዛት፣ ቀለሟ እንኳ ያልተለየ መኪና ነበረችው። ሁለቱ ማለዳ ተከታትለው ይወጡ ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣና አባቴ ለሠራዊቱ ስንቅ እንዲያመላልስ ተጠራ። መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ የባትሪዋን ሽቦ ነቀለ። ሊሄድ ሲል እኔን ጠራኝ።

«አንቺ ነሽ የምትጠብቂያት። አቧራ እንዳይነካት። ስመለስ እንጀራችን እሷ ናት።»

የጅግጅጋን ንፋስ የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ሰማዩ ቡናማ ይሆናል፤ ጥርስ መሀል አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ከአያቴ የተረፈ ወፍራም የወታደር ድንኳን ነበረን። እሱን እስከ መሬት አለበስኳትና ጫፉን ዙሪያውን በድንጋይ አስያዝኩት። ያም አልበቃኝም። እኛ ዘንድ ውሃ በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ስለሆነ የልብስና የዕቃ እጣቢ አይደፋም፤ አቧራ እንዳይነሣ ግቢ ይረጭበታል። እኔ የእሷን ድርሻ አስቀድም ነበር። በየቀኑ ሸራውን ገለጥ አድርጌ ከሥሯ እረጭና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ነዳጅ ሲጠፋ የጎረቤታችንም መኪና ቆመች። እሱ ምንም አላለበሳትም። ፀሐይ ቀለሟን አነጣው፤ ዝናብ ሲዘንብ ትርሳለች፤ ንፋሱ ያደርቃታል። በአጥራችን በኩል ሲያልፍ፣

«ሙሽራዋ ዛሬም ፊቷን አልገለጠችም?» ይል ነበር።

«ያንተዋ ራቁቷን ቆማ አታፍርም?» ትለዋለች እናቴ።

እኔም እስቅ ነበር። የሱ መኪና ታሳዝነኝ ነበር።

አባቴ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ከስቶ ተመለሰ። በማግስቱ ጎረቤታችንን ጠርቶ ሸራውን ገፈፉት። ቀለሟ እንደተዋት ነበር፤ ያበራል። አባቴ በእጁ ዳሰሳትና፣ «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ከውጭ የሚታዩኝ እግሮቹ ብቻ ነበሩ። መዶሻ ጠየቀ። አንድ ጊዜ መታ፤ ድምፁ የብረት ድምፅ አልነበረም። ሁለተኛ አልመታም። ከሥሯ ሳይወጣ ብዙ ቆየ።

ሲወጣ መዳፉ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል የሚፈረፈር ነገር ይዟል። ጭነቱን የሚሸከመው ዋናው ብረት ነበር።

«ምን ሆነች አባባ?»

መሬቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«የባሕር ጨው ነው» አለ። «በመርከብ ስትመጣ ጨው ይዛ መጥታለች። መቼም መብላቱ አይቀርም ነበር።»

ጎረቤታችን አፉን ከፈተ። «የእኔም እኮ...»

አባቴ ቀና ብሎ አየው። ሰውየው ቃሉን ዋጠ።

መኪናዋ ተቆራርጣ ተሸጠች። አባቴ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በጎረቤታችን መኪና ተቀጥሮ ነዳ፤ ያቺ ፀሐይ ያነጣት እስከ መጨረሻው ሠራች። አንድ ጊዜም ስለ መኪናዋ አላነሣብኝም። ሰው ሲጠይቀው፣ በተለይ እኔ ባለሁበት፣ «ባሕሩ ነው» ይል ነበር። እናቴም እንደዚያው እንዳመነች ሞተች።

መካኒኩ በካቻቪቴ ወለሉን እየፋቀ ለእህቴ ልጅ ያስረዳው ነበር። እኔንም በሶማሊኛ እናቴ ለማለት «ሆዮ» እያለ ጨመረኝ።

«ሆዮ፣ ብረት ስለራሰ ብቻ አይሞትም። ቶሎ ከደረቀ ይኖራል። የሚበላው ውሃ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ነው። ይሄን ሸፍነው ያቆሙት ናቸው የጨረሱት።»

«በባሕር የመጣ ብረት ጨው ይዞ ይመጣል ይባላል» አልኩት።

«በርበራ ወደብ ባሕሩ ዳር የኖረ ከሆነ እሺ፣ ጨው ይበላዋል።» ሳቀ። «ግን ሆዮ፣ እኛ አገር በመርከብ ያልመጣ መኪና የትኛው ነው?»

የእህቴ ልጅም ሳቀ። እኔ መሐረቤን ፈልጌ አፍንጫዬን ያዝኩ፤ ሽታው ነው አልኳቸው።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ግን ቂም ይዤበት ኖሬአለሁ።