የማናውቀውን ባለውለታ ፍለጋ ወደ ሽሮ ሜዳ

ከናዝሬት የተነሳሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዘንቢሌ ውስጥ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ጋቢ ይዣለሁ። የሸመነው አባቴ ወጋሶ ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሽመናውን ትቶ እኔ ከማስተምርበት ከተማ መጥቶ አብሮኝ ይኖር ነበር። ይህን ጋቢ ግን «የመጨረሻዬ ነው» ብሎ በዳበሳ ጨረሰው።

«በእጃቸው ስጪልኝ» አለኝ። «እግሬ ቢታዘዝልኝ ራሴ እሄድ ነበር።»

ለማን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጆች ሳለን ሽሮ ሜዳ ያለው ቤታችን ተቃጠለ። ኩራዝ ተገልብጦ ነው። ሰው አልሞተብንም፤ አባቴ ግን የሽመና ዕቃውን አድናለሁ ብሎ ሲገባ ግራ እጁን እሳት በላው። ዕቃውም አልተረፈም። ጎረቤት ተረባርቦ ጣራ አለበሰልን። ሸማኔ ያለ ዕቃው ምን ይሆናል? አባቴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር።

አንድ ቀን የማናውቀው ሰው ጋሪ ደጃችን ቆመ። ባለጋሪው አዲስ የሽመና ዕቃና በጆንያ የታጨቀ ድርና ማግ አወረደ። «ማን ላከህ?» ቢሉት «አውርድ አሉኝ፣ አወረድኩ» ብሎ ፈረሱን ነዳ። እኔና ወንድሞቼ ተምረን ሰው የሆንነው በዚያ ዕቃ ነው። አባቴ ግን ላኪውን ሳያውቅ አረጀ። ይኸው አሁን የድሮ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ሰውየው ታወቁ፤ ጤናቸው ደህና ስላልሆነ ቶሎ ኑ» ብለው በሰው ላኩብን።

በባቡር

አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከከተማ ከተማ ለመሄድ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና እሱን ለማውጣት ብዙ ተሰልፌያለሁ። ባቡሩ ሞጆ ሲቆም ሴቶች በመስኮት ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል አቀረቡልን። አጠገቤ ዶሮዋን ከእግሯ ሥር ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። ከአንሶላው ሾልኮ የወጣውን የጋቢ ጫፍ አየችና፣

«ለማን ነው ጋቢው?» አለችኝ።

«ለማላውቀው ሰው።»

«ጉድ ነው! ለምናውቀውም አልተረፈን» ብላ ብርቱካኗን ገምሳ ሰጠችኝ።

ከለገሐር በአውቶቡስ ስድስት ኪሎ ደረስኩ። ከዚያ በታክሲ፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ ዳገቱን ወጣሁ።

ሽሮ ሜዳ

ከታክሲው ስወርድ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ተቀበለኝ። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ከየቤቱ የሸማኔዎች መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ልጅ ሳለሁ በዚያ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ ናዝሬት ሄጄ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ እንቢ ያለኝም እሱን አጥቼ ይመስለኛል። ከረሜላ በዱቤ ይሰጡን የነበሩት የሐጂ ሱቅ አሁን ተዘግቷል። በፊቱ ትንሽ ቆምኩና ወደ እትዬ አስካለ ቤት ገባሁ።

እትዬ አስካለ ድር ሻጭ ነበሩ። ስመውኝ ሳይጨርሱ ወሬውን ጀመሩ።

«አቶ ደምሴን ታውቂያቸዋለሽ? ባለ ዘይት መጭመቂያው!»

አውቃቸው ነበር። ሀብታም፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ሰው የሚፈራቸው ነበሩ።

«መጭመቂያውም ቤቱም ከተወረሰ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። እሳቸውን ከፊት አቆሙና ካድሬው 'ይህ ሰው ደማችሁን የመጠጠ ነው፤ የበደላችሁን ተናገሩ' አለን። ማን ይተንፍስ? በኋላ የእሳቸው ባለጋሪ የነበረው ቱፋ ተነሳ። 'ወጋሶ ቤት ሲቃጠል የሽመናውን ዕቃ ያወረድኩት እኔ ነኝ። የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ለወላዷ እህል፣ ለሟች መገነዣ፣ ሁሉን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ብናገር ከሥራ እንደሚያባርሩኝ ነግረውኛል። ዛሬ የሚያባርሩኝ ሥራ የላቸውም፤ እናገራለሁ!' አለ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«በመወረሳቸው ያልተቆጡትን በዚህ ተቆጡ! 'ቱፋ፣ ቁጭ በል!' ብለው ጮኹ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አለቀሰ። ካድሬው ግራ ገብቶት ስብሰባውን በተነ። እሳቸውንም ሳይነካ ለቀቃቸው።»

ወደ ቀጨኔ ሲሄዱ

አቶ ደምሴ የሚኖሩት ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው በራሳቸው ግቢ፣ ድሮ የሠራተኛ ማደሪያ በነበረችው ክፍል ነው። በትልቁ ቤት ሌሎች ሰዎች ገብተውበታል። እሳቸው አሮጌ ካፖርት ለብሰው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ያስላሉ። እጅ ነስቼ «የሸማኔው የወጋሶ ልጅ ነኝ። አባቴ ለውለታዎ ይህን ልኮልዎታል» አልኩና ጋቢውን ዘረጋሁ።

«ተሳስተሻል ልጄ» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «ቱፋ ሲጠጣ ያላየውን ያወራል። መልሺው።»

አባቴን ምን እለዋለሁ? ጋቢውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፊታቸውን ሳይመልሱ፣

«ለመሆኑ ጣቶቹ ተዘረጉለት?» አሉኝ።

ስለ እጁ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር። እንባዬ መጣ። እሳቸውም እንዳመለጣቸው ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ።

«ሁለቱ አልተዘረጉም፤ በቀሩት ነው ያሳደገን» አልኳቸው። «ለምን ደበቁን?»

«ሰው ባየኝ ቁጥር እንዲሽቆጠቆጥልኝ አልፈልግም ነበር። ዕቃውን ከላክሁለት በኋላ አንድ ጊዜ ነጠላ ልገዛ አባትሽ ዘንድ ሄድኩ። በዋጋ ተከራከርኩት። 'ሀብታም ሆነህ ከድሃ ትከራከራለህ? ሂድልኝ!' ብሎ አባረረኝ። እስከ ቤቴ እየሳቅሁ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ዛሬ እሱ ደስ ይበለው» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ተነሱና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጋቢውን አለበስኳቸው። ጫፉን በጣቶቻቸው እያሹ «ጥሩ እጅ አለው» አሉ።

ናዝሬት

በማግስቱ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ።

«ለበሱት?»

«ለበሱት፣ አባባ።» አቶ ደምሴ መሆናቸውን፣ የነጠላውንም ነገር ነገርኩት።

አፉን ይዞ ቀረ። «ያ ሰውዬ? ያ ቆጥቋጣ ያልኩት?» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ባውቅ ኖሮ በነፃ በሰጠሁት ነበር!»

«እሳቸው እኮ ያንን ነው የፈሩት።»

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። እኔም ከዚህ መንገድ የተረዳሁት፣ መስጠት የለመደ ሰው መቀበልን ሌላው እንዲያስተምረው እንደሚያስፈልግ ነው። አባቴ ግን ትምህርት አልፈለገም። የተኮማተሩትን ጣቶቹን እያሻሸ፣

«የነጠላው ዋጋ ግን ትክክል ነበር» አለ።