ዋቢ ይዘሽ ነይ፦ ለአንድ አኮርዲዮን ወደ አምቦ

አስኮ፣ ማለዳ

ቅዳሜ ማለዳ ከአስኮ መናኸሪያ ወደ አምቦ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀምጫለሁ። የምሄደው በቴሌግራም ብቻ ከማውቃቸው ሰው አሮጌ አኮርዲዮን ልገዛ ነው። እኔ አኮርዲዮን በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም። ተጫዋቹ ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ነው።

ሰሎሞን የሚኖረው በሠርግ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን እየተጫወተ ነበር። ጥር ላይ ከሠርግ ሲመለሱ መኪናቸው ተገለበጠች። ተመስገን፣ እግሩ ተሰብሮ ነፍሱ ተረፈች፤ አኮርዲዮኑ ግን ከዕቃ ሁሉ በታች ነበርና ተጨፈለቀ። ከዚያ ወዲህ እግሩን በጄሶ አስሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ያ ቀልደኛ ልጅ! የባንዱ አለቃም ቁርጡን ነግሮታል፦ ለፋሲካ ማግስት ሠርጎች መሣሪያ ይዞ ካልመጣ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል።

አዲስ አኮርዲዮን የሚታሰብ አይደለም። ያገለገለ ስንፈልግ መጀመሪያ ያገኘነው ሻጭ «ቀብድ ላኩና ላስቀምጥላችሁ» አለ። ሰሎሞን ላከ። ሰውዬው ወዲያው ብሎክ አደረገው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ የኦቦ ለሜሳን ማስታወቂያ ሳገኝ ፍለጋውን እኔ ተረከብኩ። ኦቦ ለሜሳ አምቦ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ፎቶው ከሌላ ሰው የተሰረቀ እንዳይሆን «ስሜን ጽፈው አኮርዲዮኑ ላይ ያስቀምጡና ፎቶ ያንሱልኝ» አልኳቸው። በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚያምር የጠመኔ ጽሕፈት «ጽጌ» ብለው ላኩልኝ። በቪዲዮ አሳዩኝ። ቀብድ አልሰጥም ብላቸው «እኔስ መች ጠየቅሁ» አሉ። በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ እንድንገናኝ ተስማማን። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዋቢ ይዘሽ ነይ።»

እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ዋቢ ሲሉኝ የመጣልኝ ከመጽሐፍ ጀርባ ያለው የዋቢ መጻሕፍት ገጽ ነው። ስለዚህ የመታወቂያዬን ኮፒ፣ የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ፣ ሰሎሞን ሠርግ ላይ ሲጫወት የተነሳውን ፎቶ ሰብስቤ በፕላስቲክ ፋይል አስገባሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ዋቢ አለ ብዬ።

ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከመርካቶ የሸመተችውን የፕላስቲክ ዕቃ በማዳበሪያ ጠቅጥቃ፣ ከረዳቱ ጋር በጭነት ሒሳብ ተናቁራ፣ አንዱን ማዳበሪያ እግራችን ሥር አሳርፋ ነው የተቀመጠችው። «እህቴ አፉ በይኝ፣ መርገጫ አሳጣሁሽ» አለችኝ። ዘይነባ ትባላለች፤ ከስልጤ መጥታ አምቦ ውስጥ ልጆች ወልዳ፣ ሱቅ ከፍታ የምትኖር ነጋዴ ናት። ስልክ በመጣ ቁጥር ለአንዱ በስልጥኛ፣ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በአማርኛ ትመልሳለች፤ በሦስቱም ትስቃለች።

ሆለታ ስንቆም ቆሎ በመስኮት መጣ። ገዛሁ። ጾማችን ከረመዳን ጋር ገጥሟል፤ እኔ ግን ደካማ ነኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ አልደርስም። ልከፍተው ስል ዘይነባን አየሁና ቆሎውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ውሃ እንኳ ያልቀመሰች ሴት ጆሮ ሥር እንዴት አድርጌ ላንኮሻኩሸው? ሆዴ እስከ አምቦ ሲሰድበኝ ሄደ።

ከሆለታ በኋላ መንገዱ ይፍታታል። እህሉ ታጭዷል፣ የጭድ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፣ ባሕር ዛፉ ጫፍ ጫፉን አቧራ ለብሷል። አዲስ ዓለም ላይ ለማርያም ራሴን ዝቅ አድርጌ ስሳለም ዘይነባ ወሬዋን አቋርጣ ጠበቀችኝ። «የታመመ አለሽ?» አለች። ወንድሜ ነው አልኳት። «በይ ድገሚለት» አለችኝ። ደገምኩለት።

ጊንጪ አካባቢ ምላሴ ተፈታና ሁሉንም ነገርኳት።

«አኮርዲዮን? ያ እንደ በግ ሳንባ የሚተነፍሰው?»

«እሱ ራሱ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ለጆግ ስደክም ሰው ለትንፋሽ አገር ያቋርጣል።» እስክታነባ ሳቀች። መናኸሪያ ስንለያይ ስልኳን በስልኬ ላይ ጻፈችና «የሰው አገር ነው፣ የቸገረሽ እንደሆነ ደውይ» ብላ ማዳበሪያዎቿን ልታስወርድ ሄደች።

አምቦ፣ ከቀትር በኋላ

የተቀጣጠርንበት የሆቴል ግቢ ትላልቅ ዛፎች አሉት። ኦቦ ለሜሳ በባጃጅ መጡ፤ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጥቁሩን ሣጥን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?» ደህና ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ፈያ» አልኩ፣ ከማውቃቸው ሁለት ቃላት አንዷን። ደስ አላቸው፤ አምቦ ውሃ አዘዙልኝ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ጎብጠዋል። ድሮ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች በሰልፍ ሲዘምሩ በዚህ አኮርዲዮን ያጅቡ እንደነበር ነገሩኝ። «አሁን ጣቴ እምቢ አለ። የሚጫወት ሰው ይውሰደው» አሉ።

ለሰሎሞን ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ማሰሪያውን ፍቱና ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ወናፉን ሳቡት» አለ። ኦቦ ለሜሳ ሳቡ፤ ወናፉ አልከፈት አለ። «ጎሽ! አየር አያስገባም ማለት ነው» አለ ሰሎሞን። ከዚያ ከታች እስከ ላይ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስነካን። ከላይ አንዷ ስትጫን ተጣብቃ ቀረችና እሪ አለች። ሰሎሞን ሳቀ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። «ይቺን እኔ አክማታለሁ። ጽጌዬ፣ እንዳትለቂው!»

ከተስማማነው ዋጋ ላይ አንድ ሳንቲም አልተከራከርኩም። የሰሎሞንን ጥሪ ሳልዘጋ በስልኬ ላክሁ። ከእኔ ሒሳብ ተቀነሰ። እሳቸው ስልክ ላይ ግን ምንም የለም። ጠበቅን። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንደ ጥንድ ሕመምተኛ አየናቸው። «ኔትወርክ ነው» አለ አስተናጋጁ። ባንክ ቅዳሜ ከሰዓት ተዘግቷል።

«ለዚህ ነው ዋቢ ያልኩሽ። ዋቢሽ የት አለ?» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

ፋይሌን በኩራት አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው መታወቂያውን፣ ደብዳቤውን አነበቡ፤ የሰሎሞንን ፎቶ ትንሽ ቆይተው አዩት። ከዚያ ሁሉንም አስተካክለው መለሱልኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ይሄ ወረቀት ነው። በእኛ ዘንድ ዋቢ ሰው ነው። የሚያውቅሽ፣ እኔም የማውቀው፣ ብትቀሪ በሩን የማንኳኳው ሰው።»

ባለፈው ዓመት ጊታራቸውን የገዛ ጎልማሳ «ተልኳል» የሚል መልእክት በስልኩ አሳይቷቸው ሄዷል፤ ብሩ እስከ ዛሬ አልገባም። «ሰኞ ባንክ ሲከፈት ነይና ውሰጂ» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ሰኞ? ብሬን ልኬ? እኔ ሌባ እመስላለሁ?»

«እሱም አይመስልም ነበር» አሉ በትሕትና።

እኔው ነኝ እኚህን ሰው በሰሌዳ ስሜን ያስጻፍኩት። እሳቸው የፈሩት እኔ የፈራሁትን ነው። ግን ሰሎሞን ስልኩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «ተይው፣ ነይ በቃ» ብሎ ዘጋው። ያ ወደ ግድግዳ የዞረ ድምፁ ነበር፤ እንባዬ መጣ።

ለዘይነባ የደወልኩት እስከ ሰኞ የማድርበት ርካሽ አልጋ እንድትጠቁመኝ ብቻ ነው። ድምፄን ስትሰማ የአልጋውን ነገር ትታ «የት ነሽ?» አለች። ብዙም ሳይቆይ በባጃጅ ደረሰች።

«አዴ ዘይነባ!» አሉ ኦቦ ለሜሳ ብድግ ብለው። የቤታቸው ባልዲ ሁሉ ከሷ ሱቅ የተገዛ ነው። በኦሮምኛ ነገሩን አስረዷት። እሷ እኔን አየች፣ ሣጥኑን አየች።

«እኔ ነኝ ዋቢዋ» አለች።

ደነገጥኩ። «ዘይነባ፣ ኧረ አታውቂኝም!»

«እንዴት አላውቅሽም? ከአስኮ እስከዚህ አብረን መጥተን? ቆሎውን ለእኔ ብለሽ ወደ ቦርሳሽ ስትመልሺው አላየሁም መሰለሽ? ሆድሽ ሲጮህ እኮ ሰምቼዋለሁ። ለማታውቀው ሰው ጾም ያዘነች የሽማግሌ ብር አትበላም።» ወደ ኦቦ ለሜሳ ዞረች። «ካልገባ ሱቄን ያውቁታል።»

«ቶሌ» አሉ። እሺ ማለት ነው። የተጨባበጡት እሷና እሳቸው ናቸው፤ እኔ ገዥዋ ቆሜ አየሁ። ከዚያ የአኮርዲዮኑን ማንገቻ አንስተው ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው፤ እሷንም አቅፌ አለቀስኩ። ምን ይደበቃል።

በመሸ መንገድ መመለስ አይሞከርም፤ ዘይነባ ቤት አደርኩ። ማፍጠሪያው ሲደርስ ቴምር፣ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ ቀረበ። «ሾርባው ሥጋ አለው፣ ሳምቡሳው ግን የአንቺም ጾም ነው፤ በዘይት ነው» አለችኝ። ቆሎዬን አወጣሁና ለልጆቿ በተንኩት። ቤቱ ሁሉ ተንኮሻኮሸ።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ሚኒባሱ ሞልቷል። ሣጥኑን አጠገቤ ሳስቀምጥ ረዳቱ «ለእሱም ሒሳብ አለ» አለ።

«እሱ ሰው ነው እንዴ?»

«ወንበር ከያዘ ሰው ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሚኒባሱን በጩኸት አናውጠው ነበር። የሁለት ሰው ከፈልኩ።

ጊንጪን ሳናልፍ ስልኬ ጠራ። ኦቦ ለሜሳ ናቸው፤ እየጮኹ። «ገባ! ኢንታላ ኮ፣ ብሩ ገባ! ለአዴ ዘይነባም ደውዬላታለሁ!» እኔም ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ምን እንደገባ ሳያውቁ «እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ ሰሎሞን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጠበቀኝ። ሣጥኑን ጭኑ ላይ አደረግሁለት። ማንገቻውን በትከሻው ልክ አሳጠረ፣ ወናፉን ከፈተ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ አስተነፈሰው። ከዚያ ጀመረ። ያቺ ከላይ ያለችው ቁልፍ በየመሀሉ እሪ ትላለች፤ እሱ ለእሷ እየሳቀ ያልፋታል። እናታችን ከወጥ ቤት ማማሰያ እንደያዘች ወጥታ እልል አለች።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ለሚለኝ፣ አሁንም ቀብድ አልክም፤ ዕቃውን በቪዲዮ ሳላይ፣ ስሜን ሳላስጽፍ እግሬን አላነሣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት እውነታቸውን ነው። ግን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ያደረሰኝ እስከዚያ ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ያሻገረችኝ ሰው ናት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ዋቢ» የሚለውን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር አሁን የሚታየኝ ማዳበሪያ ያቀፈች ሴት ናት።

ለዘይነባ ደወልኩና ስልኩን ወደ አኮርዲዮኑ አስጠጋሁላት። ዘፈኑ ሲያልቅ «ማሻአላህ» አለች። «በይ እንግዲህ ብሩም ገብቷል፣ ልጁም ተጫውቷል። ከዋቢነቱ አውርጂኝ።»

«አላወርድሽም» አልኳት።