የሚስስ ሃርትሾርን ደፍ

ከጦርነቱ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ በማንቸስተር ዳርቻ፣ የድንች ማሳ በነበረ ቦታ ላይ ቤት ሲሠራ፣ መጀመሪያ ከገባነው አርባ አባወራዎች መካከል እኔና ሚስስ ሃርትሾርን ነበርን። ጎን ለጎን ነን፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ጓሮ፣ መታጠቢያ ክፍል፣ ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውኃ፤ ጭስ ውስጥ ላደግን ሰዎች ገነት ነበር። ጭቃው ግን ጉልበት ይደርሳል። በሮቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው፤ ቀለም መቀየር ክልክል ነው። ባለቤቴ ሬጂ አንድ ቀን ተሳስቶ የሰው ቤት ገባና እራት እስኪቀርብለት ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ሚስስ ሃርትሾርን በዚህ አይስቁም ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ሙሪየል ቦምብ የዘነበ ዕለት ከፋብሪካ ወጥታ አልተመለሰችም። አስከሬን አልተገኘም፤ አስከሬን ካልተገኘ ደግሞ እናት እርሟን አታወጣም። ሲመጡ በድሮ ቤታቸው ፍርስራሽ ላይ አዲሱን አድራሻ በጠመኔ ጽፈው ነበር። ከዓመት በኋላ ያ ፍርስራሽ ከነጽሑፉ ተጠርጎ ተነሳ። በእኛ በኩል ደግሞ አርባው ቤት አራት መቶ፣ ከዚያም ሁለት ሺህ ሆነ።

«ኦሊቭ፣ በዚህ ሁሉ አረንጓዴ በር መሃል እንዴት ብላ ታገኘኛለች?» ይሉኛል።

«ጠይቃ ትመጣለቻ! እንኳን ልጅዎ፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢውስ መች አጣን?»

አንድ መኸር ላይ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው እህታቸው እንዲሄዱ፣ የከተማውን ጭስና ጭጋግ ሌላ ክረምት እንደማይችሉት ነገራቸው። ብዙ አንገራግረው ሻንጣቸውን አሰሩ።

የእኛ ሰፈር ሴት አርብ አርብ የበሯን ደፍ ሳታነጣ አትውልም። «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ በአሮጌ ልብስ ለውጦ የሚሰጠንን ጠመኔ የመሰለ ለስላሳ ድንጋይ እያረጠብን ጠርዙን እንቀባለን። የታመመች ጎረቤት ካለች የእሷንም፣ ሳትጠይቅ፣ መቀባት ወግ ነው። እኔም አርብ ማለዳ የእሳቸውን ቀባሁና እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ በራሴ ደፍ ላይ አድርጌው የማላውቀውን ግማሽ ጨረቃ ጫፍና ጫፉ ላይ ጨመርኩበት።

ረፋድ ላይ በሌሊት ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፊታቸው የልጃገረድ ፊት ሆኗል።

«ጨረቃዎቹን አየሽ? እዚህ ሁሉም ቀጥ አድርጎ ነው የሚቀባው። እንዲህ የምትቀባው ሙሪየል ነበረች። አገኘችኝ፣ ኦሊቭ!»

«ሚስስ ሃርትሾርን…»

«ምነው ልጄ?»

«ይበርድዎታል፣ ይግቡ።»

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነበር። ያንን ፊት ያየ ሰው ይፍረደኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል እሳቸው ሻንጣቸውን ፈቱ። «ቤቱን ካወቀችው በኋላ ትቼላት ልሂድ?» አሉኝ። እኔ ፈሪዋም በየአርቡ ማለዳ እየወጣሁ ጨረቃዬን ሣልኩ። በጥር ሞቱ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሳላቸውን እስኪያቆም ድረስ ሰምቼዋለሁ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ቤቶቹ ተሸጡ፤ በሩ ቀይም ሰማያዊም ሆነ፤ ደፍ የሚያነጣም ጠፋ። እኔ ግን የዚያን ቤት ደፍ አልተውኩም። አዲሶቹ ባለቤቶች አሮጊቷ አበደች ይላሉ፤ ይበሉ። ሬጂም ሞተ። ዘንድሮ ጉልበቴ ከዳኝ።

«እማዬ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶሽ እዚያ ማንን ትጠብቂያለሽ? እኔ ጋ ነይ» ብላ ልጄ ጊሊያን ስትጨቀጭቀኝ እሺ አልኩና ሻንጣዬን አሰርኩ። ባለፈው አርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋዩን አልነካሁም።

ረፋድ ላይ በሬን ስከፍት የገዛ ደፌ ነጥቷል። ጫፍና ጫፉ ላይ ግማሽ ጨረቃ አለ።

ደግ ጎረቤት ነው፣ ይገባኛል። እዚያ ቤት አዲስ የገባችው ሙሽራ ስቀባ አይታኝ ይሆናል። እኔም እኮ ደግ ጎረቤት ነበርኩ። ሚስስ ሃርትሾርን ናቸው ብዬ ማሰብ ያስፈራኛል፤ አይደሉም ብዬ ማሰብ ደግሞ የባሰ ያስፈራኛል። ሄጄ በሩን ባንኳኳ በአንድ ጥያቄ ይለይልኝ ነበር።

አልጠየቅሁም። ገብቼ ሻንጣዬን ፈታሁ።