ዐዋጢፍ ለሠራተኞቿ ስልክ የመረጠች ዕለት

አሶሳ ገበያ አጠገብ ስልክ እሸጣለሁ። ስለ ስልክ እኔን የሚያስተምረኝ ሰው የለም ብዬ የማምን፣ ይህንንም ለመናገር የማላፍር ሰው ነበርኩ። ዐዋጢፍ ያበረደችልኝ ይህንኑ ጉራዬን ነው።

ዐዋጢፍ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ገበያውን የሚሞላ። ክልሉ አዲስ የተመሠረተ ጊዜ በሳፋ ማንጎ ተሸክማ ለአዳዲሶቹ ቢሮዎች ሠራተኞች በየበሩ እያዞረች ትሸጥ ነበር። እየቆየች መኪና ተከራይታ ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመረች። ሁለት ሠራተኞች አሏት፤ ኢዘዲን ሸርቆሌ፣ ጣሂራ መንጌ ሆነው ማንጎውን ከየጓሮው እያስለቀሙ ይሰበስቡላታል።

ማንጎ ደግሞ ከተለቀመ በኋላ ሰው አይጠብቅም። መኪናው ቀድሞ ወዴት መሄድ እንዳለበት የምታውቀው በሚኒባስ ሾፌር በሚላክ ወሬ ነበር። አንድ ዓመት ወሬው በአንድ ቀን ዘገየ። የሸርቆሌው ማንጎ ተለቅሞ ፀሐይ ሲመታው፣ መኪናው መንጌ ቆሞ ዋለ። አዲስ አበባ ሲደርስ ግማሹ በስብሷል። ጭማቂ ቤት ያለው ደንበኛዋ፣ "በሚመጣው ዓመትም እንዲህ ከሆነ አንተዋወቅም" አላት። እሱ ከሄደ ዐዋጢፍ ወደ ሳፋዋ መመለሷ ነው።

ኔትወርክ መንጌና ሸርቆሌ እንደገባ ሁለቱን አስከትላ ሱቄ መጣች።

"ያ በቃሉ፣ ለእነዚህ ስልክ ስጥ። ጥሩውን" አለችኝ፣ ስሜን እንደ ዐረብ በ"ያ" ጠርታ።

እኔም የሚያብለጨልጨውን ተች ስልክ አወጣሁ። "እትዬ ዐዋጢፍ፣ ያልተማረ ሰው ፊደል አያስፈልገውም። ሥዕሉን መንካት ብቻ ነው" አልኳት። ጣሂራ እዚያው ቆማለች። "ያልተማረ" ስል ቀና ብላ አየችኝ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

"ቻርጁ ስንት ቀን ይቆያል?" አለች ዐዋጢፍ።

"አንድ ቀን።"

"መንጌ ጣሂራ ሰፈር መብራት የለም። ጄኔሬተር ያለው ሰውዬ በሳምንት አንዴ ነው የሚያስነሳ። ድምፅም ይቆራረጣል። ታዲያ ይሄ ምን ያደርጋል?"

ንዴቴ መጣ። ብዙ የሚጠይቅ ደንበኛ አልወድም። እሷ ግን ሳትጋበዝ ባንኮኒውን ዞራ ገብታ፣ ከሥር የወረወርኩትን ካርቶን ጎተተች። ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገቡ፣ ቁልፋቸው ላይ የዐረብኛ ፊደል ያለባቸው ወፋፍራም ስልኮች ናቸው። ባትሪያቸው ሳምንት ይቆያል። ማን ያነበዋል ብዬ ዓመት ሙሉ አቧራ አስበልቻቸዋለሁ።

አንዱን ለጣሂራ ሰጠቻት። ጣሂራ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ቁልፎቹን በአውራ ጣቷ ትለቅማቸው ጀመር። የጻፈችውን ለኢዘዲን አሳየችው። ኢዘዲን አነበበና በሳቅ ፈረሰ።

"ምን ብላ ነው?" አልኩ።

"ስለ አንተ ነው፣ ተወው" አለች ዐዋጢፍ። "ጣሂራ ስድስት ዓመት ኸልዋ ተቀምጧል። አባቱ ሼኽ ነው። ኢዘዲንም እኔም እንደ እሱ ቁርኣን ቤት ነው ያደግነው። ያንተን ፊደል አናውቅም እንጂ፣ መጻፍ አናውቅም ማን አለህ?"

ዐዋጢፍ በአማርኛ ሴትና ወንድ አትለይም፤ ነገሯ ግን አይስትም። እኔ እዚሁ የተወለድኩ የሠፋሪ ልጅ ነኝ። የጎረቤት ልጆች የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው ወደ ኸልዋ ሲሄዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን ግን ተማሪዎች ናቸው ብዬ አላሰብኩም።

ሦስት ገዛች፤ አንዱ ለራሷ ነው። "ኻላስ፣ በቃ" ብላ ወጣች። እኔም ሞኝ አገኘሁ ብዬ ለጎረቤት ባለ ሱቆች ሁሉ አወራሁ።

ግንቦት ላይ መኪናው ሱቄ ፊት መጥቶ ቆመ። ያ ጭማቂ ቤት ያለው ደንበኛ የሚጠብቀው ጭነት ነው። መጀመሪያ ወደ መንጌ ነበር የሚሄደው፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሥቷል። ዐዋጢፍ ጣሂራ ጋ ደወለች፤ ድምፁ ተቆራረጠ። ደገመች፤ ያው ነው። ስልኩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። በዚያው ቅጽበት መልእክት ገባላት። መንገድ ዳር ቆማ ለሾፌሩና ለእኔ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልን።

"ወንዙ ሞልቷል፣ መኪና አያልፍም። እኔ አላስለቀምኩም፣ ማንጎው ዛፍ ላይ ነው። ኢዘዲን ጨርሻለሁ ብሎ ጽፎልኛል። እሱን ቀድማችሁ ጫኑ። ነገ ወንዙ ሲጎድል እኔ ጋ ኑ።"

ሾፌሩ መሪውን ወደ ሸርቆሌ አዞረ። በማግሥቱ ወንዙ ጎደለ። ጣሂራ በጠዋት አስለቅማ ጠበቀች፤ መኪናው ጢም ብሎ ተመለሰ። ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ እኔም ሱቄን ዘግቼ ሸኘሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዐዋጢፍ ሱቄ በር ላይ ቆማ ሳለች ደንበኛው ደወለ። የእሱን ድምፅ እኔም ሰማሁት፦ "አንድም የተበላሸ የለም። ለሚቀጥለው ሳምንት ሁለት መኪና ላኪልኝ።"

እልልታዋን አቀለጠችው። ገበያው ሰው ያገባ መስሎት ዞሮ አየ። ከዚያ አጎንብሳ ረጅም መልእክት መጻፍ ጀመረች።

"ለጣሂራ ነው?" አልኳት።

"አዎ። መኪናው የት ቀድሞ እንደሚሄድ ከእንግዲህ እሱ ይዘዝ አልኩ።"

"ሁለቱንም መኪና?"

"ሁለቱንም" አለች፤ በለበሰችው ቶብ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።